ፈረንሳይኛ የፈረንሳይ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው ነው፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፈረንሳይኛ መማሩ ጊዜ ማባከን ነው። ጸሐፊው ምክንያታቸውን ደርድረዋል። ልጆቹ እንግሊዝኛውንም ገና አልቻሉትም። ፈረንሳይኛ ራሱ እየከሰመ ነው፣ አፍሪካውያንም እየጣሉት ነው። የቅኝ ገዢ ቋንቋ ነው። ከባድ ነው። ሥራ አያስገኝም። ስልክ ይተረጉማል። የግድ ሌላ ቋንቋ ይማሩ ከተባለ ደግሞ ቻይንኛ ወይም ዐረብኛ ይሻላል። ለመሆኑስ ዓመታት ተምሮ ፈረንሳይኛ የሚናገር ልጅ የት አለ? በመጨረሻ ያቀረቡት ሐሳብ አለ፦ ፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍለ ጊዜውን ለእንግሊዝኛ ይስጡት።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔ የፈረንሳይኛ መምህር ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እንጀራዬ ነው። አንባቢ ይህን ይዞ ያንብበኝ። ሆኖም ጽሑፉን ጠልቼ አይደለም የምመልሰው። ውስጡ እውነት አለ። ግማሽ እውነትም አለ። ጭራሽ ያልታየ ነገርም አለ፣ ዋናው ቅሬታዬም እሱ ላይ ነው።

በጠንካራው ነጥባቸው ልጀምር፣ በእንግሊዝኛው። ጸሐፊው የ12ኛ ክፍል ፈተናን አንስተዋል፣ ልክም ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ምናምኑ ግማሽ በማያመጣበት አገር ስለ ፈረንሳይኛ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ይገባኛል። አንድ መጽሐፍ ለሦስት የሚጋሩ ልጆች ጋ ሄጄ ፈረንሳይኛ ይጨመርላችሁ ብል ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ።

ግን ጸሐፊው የሚከራከሩት ስለእነዚያ ትምህርት ቤቶች አይደለም። እዚያ ቀድሞውኑ ፈረንሳይኛ የለም። ነገሩ ስለ ግል ትምህርት ቤቶች ነው። እዚህ ደግሞ ልጁ ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው። ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ነው፣ ባዮሎጂው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቤቱ ሲገባ የሚያየው ዩቲዩብም በእንግሊዝኛ ነው። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲሰማ የሚውል ልጅ ላይ በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ብትጨምሩበት ምን ይቀየራል? ልጁ እንግሊዝኛው ከደከመ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አያነብም፣ አይጽፍም። አሳይመንቱን ከስልክ ገልብጦ ይመጣል። ይህን ከእኔ ክፍለ ጊዜ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ፈረንሳይኛ እንግሊዝኛን ይሻማል የሚለው ግምትም ቢመረመር ጥሩ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ሰው የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነበር። የእንግሊዝኛው ከበድ ከበድ ያለ ቃል ብዙው በዚያ በኩል የገባ ነው። ጎቨርንመንት፣ ጀስቲስ፣ ፓርላመንት፣ ሬቨኑ። ማትሪክ ላይ ምንባብ ሲመጣ ልጁን የሚያንገዳግዱት እነዚህ ናቸው እንጂ «ካት» እና «ዶግ» አይደሉም። የፈረንሳይኛ ተማሪ ግማሾቹን ከወዲያ በኩል ያውቃቸዋል። ጎረቤታችንን ኬንያንም እንይ። ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ዐረብኛ በሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተናቸው ላይ በምርጫ የሚወሰዱ ትምህርቶች ናቸው። የኬንያውያን እንግሊዝኛ በዚህ ምክንያት ተበላሸ ያለ ሰው አልሰማሁም።

ሁለተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ጸሐፊው ፈረንሳይኛ እየሞተ ነው ይላሉ፣ ማስረጃቸውም ከአፍሪካ ነው። ማሊ እ.ኤ.አ. በ2023 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ፈረንሳይኛን ከኦፊሴላዊ ቋንቋነት አውርዳ የሥራ ቋንቋ ብቻ አድርጋዋለች። ቡርኪና ፋሶም ተከትላለች። ኒጀር በ2025 ሐውሳን ብሔራዊ ቋንቋ ብላ ፈረንሳይኛን ከእንግሊዝኛ ጋር የሥራ ቋንቋ አድርጋ አስቀምጣለች። በዚያው ዓመት ሦስቱም አገሮች ፍራንኮፎኒ ከሚባለው የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ድርጅት መውጣታቸውን አስታውቀዋል። አልጄሪያ ከ2022 ጀምሮ እንግሊዝኛን አንደኛ ደረጃ ላይ አስገብታለች። ሩዋንዳ ደግሞ በ2008 የትምህርት ቋንቋዋን ወደ እንግሊዝኛ አዙራለች።

ሁሉም እውነት ነው። ዜናውን በትክክል አንብበውታል። የምንለያየው ከዜናው ባወጡት መደምደሚያ ላይ ነው።

«የሥራ ቋንቋ ብቻ» የሚለውን ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 5 ላይ አማርኛ የተጠቀሰው እንዴት ነው? የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ተብሎ። በዚህ ምክንያት አማርኛ ሞተ ያለ አለ? መዝገቡ፣ ደብዳቤው፣ ችሎቱ በዚያ ቋንቋ ነው የሚሄደው። የማሊ ዋና ከተማ ባማኮም እንዲሁ ነው። ገበያው ባምባራ ይናገራል፣ ድሮም ባምባራ ነበር የሚናገረው። ባምባራ በሕግ ከፍ ማለቱ እኔን ደስ ነው የሚለኝ። ቢሮ ስትገቡ ግን ወረቀቱ አሁንም ፈረንሳይኛ ነው። ፖለቲከኛ ከፓሪስ ጋር ሲጣላ ቋንቋውን በአንድ ጀንበር ከመዝገብ ቤት ጠርጎ አያወጣውም።

ሩዋንዳን ማንሳታቸው ደግሞ ትንሽ አስቆኛል። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ የፍራንኮፎኒ ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሆነው የሠሩት ሉዊዝ ሙሺኪዋቦ የየት አገር ሰው ናቸው? የሩዋንዳ። ያቺው ፈረንሳይኛን ጣለች የተባለችው አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯን ልካ ድርጅቱን እንዲመሩ አደረገች። ፈረንሳይኛም ከኪንያርዋንዳ፣ ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ ጋር እስካሁን ኦፊሴላዊ ቋንቋዋ ነው። ሩዋንዳውያን አንዱን ለመያዝ ሌላውን አልጣሉም። ሁለቱንም በኪሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት።

በዓለም ላይ ፈረንሳይኛ የሚናገረው ሰው ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው። በየቀኑ ከሚጠቀሙበት መካከል ከግማሽ በላዩ ያለው አፍሪካ ውስጥ ነው። የዴሞክራቲክ ኮንጎ ዋና ከተማ ኪንሻሳ በሕዝብ ብዛት ፓሪስን አልፋለች። እርግጥ ኪንሻሳ መንገድ ላይ ሊንጋላ ነው የሚጮኸው። ትምህርት ቤቱና መሥሪያ ቤቱ ግን ፈረንሳይኛ ነው። ኮንጎ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ተቀላቅላለች። ወደ እኛ አቅጣጫ እየቀረበች ነው እንጂ እየራቀች አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ያን ሁሉ ስለ ማሊና ስለ ኒጀር የጻፉት ሰው ስለ ጅቡቲ አንድ መስመር አልጻፉም። አንድም! ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላዩ የሚያልፍባት አገር ናት። ኦፊሴላዊ ቋንቋዎቿ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ናቸው። ባቡሩን እንኳ ብናስብ፣ የድሮው ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፣ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። የኩባንያው ደብተር፣ ቲኬት፣ የሥራ ትእዛዝ በፈረንሳይኛ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞችን ያገኘ ሰው ያውቀዋል። በፈረንሳይኛ ይቀልዳሉ፣ በፈረንሳይኛ ይሳደባሉ። ቋንቋውን ያገኙት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዎርክሾፕ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ ልጨምር፣ ክርክሬን ትንሽ ቢያሳሳውም። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ሰው ቤቱ የሚናገረው ሶማልኛና አፋርኛ ነው። ሶማልኛ የሚችል የድሬዳዋ ልጅ ያለ አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ገበያ ወጥቶ ይገባል። አማርኛም የሚሰማ ሞልቷል። ፈረንሳይኛ የሚፈለገው ወረቀቱ ጋ ስትደርሱ ነው።

ወረቀት ስል የማስታውሰው አለ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ አባቷ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ናቸው። አንድ ቀን አራት ቦታ የታጠፈ፣ ዘይት የነካው ወረቀት ይዛ መጣች። አናቱ ላይ «ቦን ደ ሶርቲ» ይላል፣ የመውጫ ወረቀት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ቀኑን አገኘችው። የሰሌዳ ቁጥሩን አገኘችው። «ፕዋ ብሩት» የሚለው ላይ ቆመች። ጠቅላላ ክብደት ነው አልኳት፣ የተጣራው ደግሞ ከታች አለ። ቁጥሮቹን ጮክ ብላ አነበበቻቸው። በክፍል የተማርነው ቁጥር፣ ቀንና የሳምንት ቀናት ብቻ ነበር፣ ለዚያ ወረቀት ግን በቂ ነው። ወላጆች ሲጠሩ አባቷ መጡ። «ቲቸር፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ ትራንዚተሩ ያለኝን ነው የማምነው» አሉኝ። የጸሐፊው ጽሑፍ ላይ እኚህ ሰው የሉም። ቋንቋው እሳቸው ዘንድ የፈረንሳይ አይደለም። የጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ቋንቋ ነው።

የቅኝ ግዛቱን ነጥብ በቀላሉ አልፈው ነበር፣ ግን ብዙ ሰው የሚያነሳው ስለሆነ ልቆይበት። ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ትምህርት ቤቶች ምን ታደርግ እንደነበር የታወቀ ነው። በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ወይም አጥንት ይንጠለጠልበት ነበር። ሌላ ልጅ እስኪያዝ ድረስ ተሸክሞት ይዞራል። ይህን የሠራ ሥርዓት የሚወቀስ ነው፣ እኔም ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ግቢው ውስጥ አማርኛ ያወራ ልጅ የሚቀጣባቸው ትምህርት ቤቶች የሉም? አሉ። የሚቀጡት በፈረንሳይኛ ምክንያት ነው? አይደለም፣ በእንግሊዝኛ ነው። ጸሐፊው ክፍለ ጊዜዬን ሊሰጡት የሚፈልጉት ለዚያው ቋንቋ ነው።

በታሪካችን ፈረንሳይኛ እኛ ቤት የገባው በግርፋት አይደለም፣ ተጠርቶ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ከሚሰጡት የውጭ ቋንቋዎች አንዱ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1925 የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ራስ መኰንን ለልጃቸው ለተፈሪ ፈረንሳይኛ ያስጠኑት ሐረር ላይ ነው። አስተማሪዎቹም አባ ሳሙኤልና ከካሪቢያኗ ጓድሎፕ ደሴት የመጡት ሐኪም ዶክተር ቪታሊየን ነበሩ። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ ቋንቋ ሁሉ ፊት የሚቀድመው ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ የገነነው እ.ኤ.አ. ከ1941 በኋላ፣ እንግሊዞች ከጣሊያን ጋር ተዋግተው አብረውን ከገቡ ወዲህ ነው። በጦር መኪና ተጭኖ የመጣው ቋንቋ የትኛው እንደሆነ እንግዲህ ጸሐፊው ይፍረዱ።

ፈረንሳዮች መልአክ ናቸው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 ከእንግሊዝና ከጣሊያን ጋር ተቀምጠው አገራችንን በተጽዕኖ ክልል የተከፋፈሉት እነሱም ናቸው። ምኒልክም ያንን በደንብ ያውቁ ነበር። በባቡሩ ጉዳይ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ክፉኛ ተቃቅረዋል። ቋንቋውን ግን አላባረሩትም። ከተጣሉት ሰው ጋር ለመከራከር ያው የሰውየው ቋንቋ ያስፈልጋል።

ከባድ ነው የሚለው ነጥብ ላይ ልሳቅ። ከባድ የሆነ ነገር አለ፣ አልክድም። 9ኛ ክፍል ቁጥር ሳስተምር ሁልጊዜ የሚፈጠር ነገር አለ። እስከ 69 ድረስ ሰላም ነው። ከዚያ 97 ይመጣል፦ «ካትር-ቫን-ዲ-ሴት»። አራት ሃያ፣ አሥር፣ ሰባት። ሰሌዳው ላይ 4 ሲባዛ በ20 ሲደመር 10 ሲደመር 7 ብዬ እጽፈዋለሁ። አንዱ ልጅ ከኋላ «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ሂሳብ ሲከፍሉ አይመሽባቸውም?» አለኝ። ቤልጂየሞችና ስዊሶች 90ን «ኖናንት» ብለው እንደሚገላገሉ ስነግረው «እኔ የቤልጂየሙን እማራለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። እውነቱን ለመናገር ልጁን መመለስ ከባድ ነው።

ስለ አጻጻፉ ደግሞ ጸሐፊው ብዙ ፊደል ተጽፎ አንድ ድምፅ ይነበባል ብለው ያማርራሉ። አዎ፣ በፈረንሳይኛ «ውሃ» ለማለት ሦስት ፊደል ተጽፎ «ኦ» ተብሎ ነው የሚነበበው። ግን እነዚያ ሦስት ፊደላት የትም ቦታ ቢገኙ «ኦ» ናቸው። ወፍ ላይም፣ ኮፍያ ላይም፣ መርከብ ላይም። ደንቡን አንዴ ያወቀ ልጅ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል እንኳ በትክክል ያነባል። እንግሊዝኛስ? ኦ-ዩ-ጂ-ኤች የሚሉ አራት ፊደላት አንዱ ቃል ላይ «ኦፍ»፣ ሌላው ላይ «ኡ»፣ ሌላው ላይ «አፍ»፣ ሌላው ላይ «ኦው» ናቸው። ይህን የለመደ ልጅ ፈረንሳይኛ አይከብደውም።

አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ጸሐፊው ያላዩት ጥቅም አለው። ግሱ በሰው ልክ መለዋወጡ ለእኛ አዲስ አይደለም። እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ ስንል ነው ያደግነው። አንተና እርስዎ መለየት ለእንግሊዝ ልጅ ራስ ምታት ነው፣ የእኔ ተማሪዎች ግን «ቱ» እና «ቩ»ን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሰው ማንን እንዴት እንደሚጠሩ ይነግሩኛል። «ዥ» አለን፣ «ኝ» አለን። ወንዴና ሴቴም አለን፣ ምንም እንኳ ለምን ጠረጴዛ ሴት እንደሆነች እኔም ዛሬ ድረስ መልስ ባይኖረኝ። የሚያስቸግረን በአፍንጫ የሚወጡት ድምፆችና ከንፈር ሞጥሞጥ ተደርጎ የሚነገረው «ኡ» እና «ኢ» መሀል ያለው ድምፅ ነው። መስታወት ይዤ ነው የማስተምረው። ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይወጣላቸዋል።

መለኪያ ከተፈለገ ደግሞ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ያወጣው አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሆነ ሰው ፈረንሳይኛን 30 ሳምንት ይመድብለታል። አማርኛን 44 ሳምንት። ቻይንኛን 88። ከባዱን ቋንቋ ልጆቻችን ከእናታቸው ጉያ ይዘውት መጥተዋል።

ስልክ ይተረጉማል ለሚለው ብዙ አልልም። ስልኩ እንግሊዝኛም ይተረጉማል። ታዲያ ለምን እንግሊዝኛ ይጨመር ይላሉ?

ስለ ቻይንኛና ዐረብኛ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ዐረብኛ በተለይ፣ ስንት እህቶቻችን ቋንቋውን ሳያውቁ ሰው ቤት እየገቡ በሚንገላቱበት ዘመን፣ ቢሰጥ እሰየው ነው። ልጁ ከፈረንሳይኛና ከዐረብኛ ይምረጥ። ቻይንኛውን ግን በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ የትም አያደርሱትም፣ 88 ሳምንቱን አይተናል።

ሥራ አያስገኝም የሚለው ላይ ግን ጸሐፊው የት ከተማ ሆነው እንደጻፉት ገርሞኛል። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው። 55 አባል አገሮች አሉት፣ ፈረንሳይኛ ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ኅብረቱ ውስጥ መቀጠር ቀላል ነው አልልም፣ በአገር ኮታ የሚሄድ ነገር አለው። እኔ የማስበው በዙሪያው ያለውን ነው። ኤምባሲው፣ ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ የስብሰባ አዘጋጁ፣ የኪራይ መኪና ሹፌሩ። የካቲት ላይ የመሪዎች ጉባኤ ሲደርስ ቦሌ ያሉ ሆቴሎች ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው እንዴት እንደሚፈልጉ ሠራተኞቻቸውን ጠይቁ። አየር መንገዳችን አቢጃን፣ ዳካር፣ ዱዋላ፣ ኪንሻሳ፣ ሊብረቪል ይበራል። ሎሜ ላይ ደግሞ አስካይ የሚባለውን አየር መንገድ በሽርክና አቁሟል። ቶጎ ውስጥ በአማርኛ አይሠራም።

ወደ ውጭ የሚያስብ ልጅም አለ፣ መደበቅ የለብንም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው በነጥብ ስደተኛ በምትመርጥበት ሥርዓት ፈረንሳይኛ ለሚችሉ አመልካቾች ለብቻቸው የምርጫ ዙር ታወጣለች። በአንዳንዶቹ ዙሮች የተጠየቀው ነጥብ ከ400 በታች ሲሆን በአጠቃላዩ ዙር ግን ከ500 በላይ የጠየቀችባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። በትምህርት ቤት የሚታወቀው ደልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ችሎታ ሰርተፊኬት ለዚህ አይሠራም፣ ለካናዳ የተዘጋጁት ቴፍና ቴሴኤፍ የሚባሉት ፈተናዎች ናቸው የሚጠየቁት። የሚፈለገውም ደረጃ ቢ-2፣ ማለትም ከመካከለኛ ከፍ ያለው፣ አካባቢ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብቻውን እዚያ አያደርስም። ፈረንሳይ አገር በፈረንሳይኛ ዲግሪ ለመማር የሚፈልግም ያው ቢ-2 ይጠየቃል።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥባቸው ያመጣኛል፣ ተምረውም አይናገሩትም ወደሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ካሰቡት በላይ እውነት አላቸው።

ሂሳቡን እንሥራ። በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። ሁለት ሰዓት ማለት ነው። በዓሉ፣ ፈተናው፣ የስፖርት ቀኑ ተቀንሶ በዓመት 60 ሰዓት ቢሆን ነው። ከ9ኛ እስከ 11ኛ 180 ሰዓት። በዚህ ሰዓት በደንብ የተማረ ልጅ ኤ-2 የሚባለው ደረጃ ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ራሱን ያስተዋውቃል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ማስታወቂያ ያነባል፣ አጭር ደብዳቤ ይጽፋል። ፖለቲካ አይከራከርበትም። ወላጅ ሲያስመዘግብ ይህ ሊነገረው ይገባል። «ልጅዎ ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ ይናገራል» ብሎ ብሮሹር ላይ የሚጽፍ ትምህርት ቤት ወላጅን እያታለለ ነው።

በደንብ የተማረ ልጅ አልኩ። ችግሩ እዚያ ነው። ብዙ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፦ መምህሩ ግስ ሰሌዳ ላይ ይደረድራል። ልጆቹ «ዠ ስዊ፣ ቱ ኤ፣ ኢል ኤ» እያሉ እንደ ሀሁ በኅብረት ይጮሃሉ። ከዚያ ደብተር ላይ መገልበጥ። ፈተናው ሃያ ጥያቄ ምርጫ ነው። ልጁ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ሳያወጣ 90 ያመጣል። እንዲህ የተማረ ልጅ ፈረንሳይኛ አይናገርም፣ በእንዲህ ዓይነት አሰጣጥ ምንም ቋንቋ አይናገርም።

ደልፍ ይህን ፈትቶታል። ማዳመጥ 25፣ ማንበብ 25፣ መጻፍ 25፣ መናገር 25። ለማለፍ ከ100 ነጥብ 50 ይበቃል፣ ግን ከአራቱ በአንዱም ከ5 በታች ማምጣት አይቻልም። ስለዚህ አፉን ያልፈታ ልጅ በጽሑፍ ቢያንበሸብሽም ይወድቃል። የትምህርት ቤቶቻችን የፈረንሳይኛ ፈተና በዚህ መልክ ቢሠራ መምህሩ በራሱ ጊዜ ማስተማሪያውን ይቀይራል፣ ምርጫ የለውም። እኔ በየሴሚስተሩ ከ100 ነጥብ 25ቱን ለቃል ፈተና ሰጥቻለሁ። በግል ጠርቼ አነጋግራቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ይበላል። ምሳ ሰዓቴን ነው የሚበላው። ዓይን አፋሩ ልጅ ግን በር ላይ ሆኖ ሲለማመድ ትሰሙታላችሁ።

ክፍለ ጊዜው ለእንግሊዝኛ ይሰጥ ለሚለው መልሴም ከዚሁ ይከተላል። ያው ምርጫ ጥያቄ፣ ያው ወርክሺት ከሆነ የሚሞላው፣ ክፍለ ጊዜው የማንም ቢሆን ለውጥ የለውም። እኔ ግን በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ልስማማ። ፈረንሳይኛ ግዴታ መሆን የለበትም። 9ኛ ክፍል ላይ ልጁ ከዐረብኛ ጋር ይቅረብለትና ይምረጥ። 12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ጭራሽ ይቁም። ማትሪክ ላይ የለም፣ የልጆቹም ልብ እኔ ጋ የለም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፊዚክስ ሲሠሩ እያየሁ እንዳላየ አልፋቸዋለሁ። ያን ዓመት ይውሰዱት። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ያለውን ግን ይተዉልን።